ዜማ አዕዋፍ ከአክሱም እስከ ሬድመንድ

ግንቦት 11 ቀን በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ስንክሳርና የአበው ትውፊት እንደሚተርኩት፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት በአክሱም ይኖር የነበረው ካህኑ ያሬድ፣ ከገነተ ኤዶም ተልከው በሰው አንደበት ያነጋገሩትን ሦስት አዕዋፍ ተከትሎ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጠቀ፤ በዚያም የ24ቱን ካህናተ ሰማይ ማሕሌት በጆሮው ሰምቶ በልቡናው አትሞ፣ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶች ይዞ ወደ አክሱም ተመለሰ። ይህን ትረካ በሃይማኖት ዓይን የሚያነበውም ሆነ በታሪክ መርማሪ ዓይን የሚያነበው ሰው፣ የኢትዮጵያ ሊቃውንት የዜማቸውን አመጣጥ ሲመረምሩ ከሁሉ አስቀድመው ያገኙት አስተማሪ ወፍ መሆኑን ሊክድ አይችልም።

ይኸው ያሬዳዊ ዜማ ብዙ መቶ ዓመታት በቃልና በጆሮ ብቻ ሲወርድ ሲዋረድ ከኖረ በኋላ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት እያሉ ድምፁን ለዓይን የሚያሳዩትን ምልክቶች በፊደል ራስ ላይ ማስቀመጥ እንደ ጀመሩ ይነገራል። ነገር ግን ምልክቱ የሚያስታውሰው አስቀድሞ በጆሮ የገባውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ እየተቆጡትና እያረሙት ያላዜመ ደቀ መዝሙር ድጓውን ቢገልጥ ከፊደሉ በቀር የሚያገኘው የለም። ከዚህም የተነሣ አንዱ የያሬድ ዜማ በየመምህሩና በየደብሩ መልኩን እየለወጠ የቤተ ልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብርና የተጉለት ተብሎ ተለየ፤ ጆሮው የሠለጠነ ሰውም አንድ መዘምር ገና አፉን ሲከፍት የየትኛው ወገን ተማሪ እንደ ሆነ ለይቶ ያውቃል። ይህን አስቀድሜ የማነሣበት ምክንያት፣ በሲያትል አካባቢ በየቁጥቋጦው የሚዘምረው ተራ ድንቢጥ ዜማውን የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን ድካም በኋላ ስለ ሆነ ነው። የአዕዋፍን ዜማ መለየት የተማረው ማሽን ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ ድካም ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቆጠሩ ናቸው። በ1929 የጸደይ ወራት፣ በኒው ዮርክ ግዛት በኢትካ ከተማ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው የአዕዋፍ መምህር አርተር አለን ድምፅ ያለው ሲኒማ ከሚያነሡ ሠራተኞች ጋር ሆነው የዱር አዕዋፍን ዜማ በፊልም ቀዱ፤ በዚያን ጊዜ በሰሜን አሜሪካ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀዳላቸው የዱር አዕዋፍ አንዱ ይኸው ዘማሪ ድንቢጥ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው፣ ደረቱ በቡናማ መስመር የተሸለመ ትንሽ ወፍ ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የወፍ ዜማ ከአፉ እንደ ወጣ ነፋስ የሚወስደው ነገር ስለ ነበረ፣ ዛሬ የተሰማውን ከትናንቱ ጋር ማስተያየት የሚቻለው በሰሚው ትዝታ ብቻ ነበር።

የተቀዳውን ድምፅ ለዓይን የሚያሳየው መሣሪያ ግን ከወፍ ጋር ምንም ጉዳይ ከሌለው ቦታ መጣ። የቤል ስልክ ላቦራቶሪ መሐንዲሶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሰውን ንግግር ለመመርመር የሠሩትና ጦርነቱ ሲያበቃ በ1945 ለዓለም የገለጡት ስፔክትሮግራፍ፣ ድምፁን እየደጋገመ በማጣሪያ እያሳለፈ፣ በሚሽከረከር በርሜል ላይ የተጠመጠመውን ወረቀት በቀጭን የብረት ብዕር እየለበለበ ይጽፍ ነበር። ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የድምፁ ቅጥነት ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ድምፁ በበረታበት ቦታ ወረቀቱ ይጠቁራል። በኋላ ለገበያ የወጣው መሣሪያ በአንድ ወረቀት ላይ የሚይዘው 2.4 ሴኮንድ ብቻ ሲሆን፣ ያችን ቅንጣት ጽፎ እስኪጨርስ ተመራማሪው የተቃጠለ ወረቀት እያሸተተ ደቂቃዎች መጠበቅ ነበረበት። ስፔክትሮግራም የተባለው ይህ ሥዕል ከዜማ ምልክቶቻችን የሚለየው ያለ መምህር መጻፉ ነው፤ ያለ መምህር መነበቡን ግን ማንም ገና አላረጋገጠም ነበር።

ካነበቡትም የቀደሙት በእንግሊዝ አገር የካምብሪጁ ሊቅ ዊሊያም ቶርፕና ደቀ መዝሙራቸው ፒተር ማርለር ናቸው። ማርለር ገና በ1952 ቻፊንች የተባለችው ትንሽ ወፍ ዜማዋ ከቦታ ቦታ የሚለያይ መሆኑን ጽፈው ነበር፤ ቶርፕ ደግሞ ጫጩቶችን ታላላቆቻቸውን ከማይሰሙበት ቦታ አሳድገው፣ ያለ አስተማሪ ያደገው ወፍ የሚያወጣው ዜማ የተጎሳቆለና ቅርጽ የጎደለው መሆኑን በስፔክትሮግራም አሳዩ። ማርለር ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግረው በ1964 ከሚዋኮ ታሙራ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የሚኖረው ባለ ነጭ ዘውድ ድንቢጥ በየአካባቢው የየራሱ የዜማ ዘዬ ያለው መሆኑን፣ ይህም ዘዬ በደም የሚወረስ ሳይሆን በትምህርት የሚተላለፍ መሆኑን ገለጡ። ስለዚህ የወፍ ዜማ ልዩነት በዝርያና በዝርያ መካከል ብቻ የሚገኝ አልሆነም፤ በአንዱ ዝርያ ውስጥ፣ በአንዱ ኮረብታና በሌላው ኮረብታ መካከል፣ እንዲያውም በአንዱ ወንድና በጎረቤቱ መካከል የሚገኝ ሆነ። እኔም ከዚህ ሁሉ ታሪክ ልቤን የሚማርከው ይህኛው ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ሲያትል አገር እንመጣለን። በ1986 ሁለት ነገሮች፣ አንዱ በዋሽንግተን ሐይቅ ምሥራቅ ሌላው በምዕራብ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ ተጀመሩ። በምሥራቁ በኩል፣ ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ከጎረቤቱ ከቤልቪው ከተማ ተነሥቶ ዛፍ በበዛባት ሬድመንድ መቀመጫውን አደረገ። በምዕራቡ፣ ከባሕሩ በላይ በተሰቀለው በዲስከቨሪ መናፈሻ፣ ቀድሞ ፎርት ሎውተን የተባለ የጦር ሠፈር በነበረው ከ500 ኤከር በላይ በሆነው ቦታ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መምህር ማይክል ቢቸር የዘማሪ ድንቢጥን ዜማ መመርመር ጀመሩ። የመጀመሪያውን ዓለም ሁሉ ሰማው፤ ሁለተኛውን ግን ከባለሙያዎች በቀር ያወቀው ጥቂት ሰው ነው።

ቢቸርና ተባባሪዎቻቸው በቀጭን መረብ የያዙትን እያንዳንዱን ወፍ በእግሩ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ቀለበቶች አጥልቀው ይለቁታል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወንድ በቀለሙ ስለሚታወቅ፣ የሚዘምራቸው ዜማዎች ሁሉ እስኪያልቁ ድረስ እየተከተሉ ይቀዱታል። አንዱ ወንድ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 የሚደርሱ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት ሴኮንድ ያህል የሚቆዩ ዜማዎች አሉት። ስፔክትሮግራሞቹን በወረቀት አውጥተው ጎን ለጎን እየዘረጉ በዓይናቸው ሲያመሳስሉ፣ የአንዱ ወጣት ዜማ ከየትኛው ጎልማሳ እንደ ተወሰደ መለየት ቻሉ። ወጣቱ ወንድ በተፈለፈለበት ዓመት ከቤተሰቡ ርቆ ወደ አዲስ ሰፈር ሲሄድ፣ በዚያ ከሚያገኛቸው ከብዙ ጎረቤት መምህራን ዜማ ይቀስማል፤ ከአንድ በላይ በሆኑ መምህራን ዘንድ የሚገኘውን ዜማ ይበልጥ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ጸደይ ከደረሰ በኋላ ግን የያዘውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይለውጥም።

የዜማው ጥቅም በጉርብትና ይታያል። ጎረቤቱ ሲዘምር የሰማ ወንድ፣ ሁለቱም ከሚያውቋቸው ዜማዎች መካከል ሌላውን መርጦ ቢመልስ ተዋውቀናል እንደ ማለት ነው፤ ያንኑ ራሱን መልሶ ቢዘምርበት ግን ጠብ መፈለጉ ነው። በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ፣ አንድ ወንድ ይዞታውን ብዙ ዓመት ጠብቆ መኖሩን አስቀድሞ የሚያመለክተው የዜማዎቹ ብዛት ሳይሆን ከጎረቤቶቹ ጋር የሚጋራቸው ዜማዎች ቁጥር መሆኑን አሳዩ። ብዙ ከማወቅ ይልቅ ከጎረቤት ጋር አንድ ዓይነት ማወቅ ርስትን ያጸናል ማለት ነው፤ ወደ አንድ ደብር ከደብሩ ወገን የተለየ ዜማ ይዞ የገባ መሪጌታ ይህ ሳይገባው አይቀርም።

ይህን ድንቢጥ ለማየት ዲስከቨሪ መናፈሻ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በሬድመንድ፣ የሳማሚሽ ወንዝ ከሳማሚሽ ሐይቅ ወጥቶ በሚያልፍበት በሜሪሙር መናፈሻ፣ ከ200 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች በታዩበት በዚያ ስፍራ፣ በመጋቢት ማለዳ እሾሃም የቤሪ ቁጥቋጦ ላይ ቆሞ ሲዘምር ይገኛል። ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ ሁለት ወይም ሦስት ጥርት ያሉ ድምፆችን ይመታል፤ ቀጥሎ እንደ ንብ እዝዝ ይላል፤ በመጨረሻም በተርገበገበ ድምፅ ይጨርሳል፤ ያንኑ ዜማ ብዙ ጊዜ ከደጋገመ በኋላ በድንገት ወደ ሌላው ይሻገራል። ከዚያ ቁጥቋጦ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀው ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ ምን እየተሠራ እንደ ነበረ ደግሞ ቀጥዬ እተርካለሁ።

ማይክሮሶፍት በ1991 የምርምር ክፍል አቋቁሞ የሰውን ንግግር ለኮምፒውተር ማሰማትን ከቀደሙት ሥራዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ሥራው ብዙ ዓመት በአዝጋሚ እርምጃ ከሄደ በኋላ፣ በ2009 መጨረሻ የቶሮንቶው ሊቅ ጄፍሪ ሂንተን ወደ ሬድመንድ መጥተው ከሊ ዴንግና ከዶንግ ዩ ጋር በአንድነት መሥራት ጀመሩ። ዘዴያቸው ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ጥበብ አንዱ ክፍል ነው፤ ለማሽኑ ሕግ በቃል አይነገረውም፤ የድምፅ ስፔክትሮግራም ከነትክክለኛው መልስ እየቀረበለት፣ ሲሳሳት በውስጡ ያሉት ቁጥሮች በጥቂት በጥቂቱ እየታረሙ፣ እርማቱ እልፍ አእላፍ ጊዜ ሲደጋገም ራሱ መለየትን ይለምዳል። ቁጥሮቹ ድርብርብ ሆነው በተሠሩበት ጥልቅ የነርቭ መረብ ውስጥ የታችኛው ድርብ ትንንሽ መስመሮችን፣ የላይኛው ደግሞ የእነርሱን ጥምረት ይይዛል። በ2010 እነዚሁ ሰዎች የንግግርን ስፔክትሮግራም ወደ ጥቂት ምልክቶች አጥፎ እንደ ገና የሚዘረጋ መረብ ሠሩ፤ ከዚያም ወዲህ ባሉት ዓመታት ንግግርን በመስማት ረገድ የማሽኖች ስሕተት በብዙ ቀነሰ። ቤል ላቦራቶሪ ለሰው ንግግር የሠራው ሥዕል ወደ ወፍ እንደ ተሻገረ ሁሉ፣ ይህም ለሰው ንግግር የተሠራ ጆሮ ወደ ወፍ መሻገሩ የማይቀር ነበር።

የተሻገረው ግን በሥዕል መንገድ ዞሮ ነው። በ2015 በቤይጂንግ ያለው የማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ካይሚንግ ሄና ጓደኞቹ ሬስኔት የተባለ 152 ድርብ ያለው መረብ ሠርተው በሥዕል የመለየት ውድድር አሸነፉ፤ ስፔክትሮግራምም ሥዕል ስለ ሆነ፣ ውሻን ከድመት ለመለየት የተማረው መረብ ጥቂት ተጨማሪ ትምህርት ሲሰጠው የአንዱን የወፍ ዝርያ ዜማ ከሌላው መለየት የሚችል ሆኖ ተገኘ። በታኅሣሥ 2017 ኩባንያው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለምድር ጥበቃ ለሚያውል ሥራ በ5 ዓመት ውስጥ 50 ሚሊዮን ዶላር ለማውጣት ቃል ገባ። በ2020 የሬድመንዱ ተመራማሪ ሚንግ ዦንግና ባልደረቦቿ፣ በፖርቶ ሪኮ ደኖች ውስጥ የተተከሉ መቅረጫዎች ካመጡት ድምፅ 24 የአዕዋፍና የእንቁራሪት ዝርያዎችን የሚለይ፣ በሬስኔት ላይ የተመሠረተ ሥራ አሳተሙ። ከሁሉ የከበደባቸው የድምፁ ማነስ አልነበረም፤ ድምፁን ሰምቶ ይህ እገሌ ነው ብሎ የሰየመ የባለሙያ ጆሮ ማነስ ነበር። ብዙው ቅጂ ስያሜ ስላልነበረው፣ ማሽኑ ከጥቂቱ ከተማረ በኋላ ለቀረው ራሱ የገመተውን እንደ ጊዜያዊ ስያሜ እየወሰደ እንደ ገና እንዲማር አደረጉት።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ2021 የኮርኔልና የጀርመኑ የኬምኒትዝ ተመራማሪዎች 984 የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ዝርያዎችን የሚለየውን በርድኔት የተባለውን ሥራ በጽሑፍ አወጡ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ኮርኔል መርሊን በተባለው የስልክ መተግበሪያው ላይ ድምፅ መለያ ጨመረ፤ ከዚያ ወዲህ በሜሪሙር የሚመላለስ ማንም ሰው ስልኩን ወደ ቁጥቋጦው ቢዘረጋ የድንቢጡ ስም ይጻፍለታል።

እዚህ ላይ ግን ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። የዝርያን ስም ለመጥራት የሚማር ማሽን፣ በአንዱ ድንቢጥና በጎረቤቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንዲንቅ ሆኖ ይሠለጥናል፤ አሥሩም ወንዶች አሥር የተለያየ ዜማ ቢያሰሙ መልሱ አንድ ስለ ሆነ፣ እርማቱ ሁሉ ልዩነታቸውን ወደ መርሳት ይገፋዋል። ቢቸር ለዓመታት በቀለበት የተከተሉት፣ ማርለር በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ያገኙት ነገር ለዚህ ማሽን የሚጣራ ጉድፍ ነው። የቤተ ልሔምንና የአጫብርን ዜማ ሰምቶ ሁለቱም የያሬድ ነው ብሎ ዝም የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ገና አልሰማም።

የልዩነቱን ነገር በቅርብ የተከታተለው ሌላው መንገድ ነው። በዚያው በ2020 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲየጎ ቲም ሴንበርግና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሥራ ለማሽኑ ምንም ስም አይነግረውም፤ በሬድመንድ ለንግግር እንደ ተደረገው ሁሉ፣ እያንዳንዷን የድምፅ ቅንጣት ወደ ጥቂት ቁጥሮች አጥፎ በገበታ ላይ እንደ ነጥብ ያስቀምጣታል፤ የሚመሳሰሉት ነጥቦች ይቀራረባሉ፣ የማይመሳሰሉት ይራራቃሉ። የካናሪ ወፍ ድምፆች ተለያይተው እንደ ደሴት ሲሰበሰቡ፣ ለሰው ጆሮ የማይሰማው የአይጥ ፉጨት ግን ድንበር ሳይኖረው የተዘረጋ ሆኖ ታየ። ሰው በወረቀት ላይ በዓይኑ ሲያመሳስል የኖረውን፣ ይህ ገበታ በጥቂት ሰዓት ያከናውነዋል። ቢሆንም ነጥቡ የማን እንደ ሆነ፣ ያ ወፍ ዜማውን ከማን እንደ ተማረና ለማን እንደ መለሰበት ገበታው አያውቅም፤ ያን የሚያውቀው የቀለበቱን ቀለም በመዝገብ የጻፈው ሰው ነው። ስለዚህ ማሽኑ የመስኩን ሰው ከሥራ ያወጣዋል የሚሉትን አልቀበላቸውም፤ እንዲያውም ከዚህ ቀደም ያልነበረ ሥራ ይሰጠዋል።

በ2023 ማሽኖችን የሚያወዳድረው በርድክለፍ የተባለው ዓመታዊ ውድድር በኬንያ በተቀዳ ድምፅ 264 የምሥራቅ አፍሪካ ዝርያዎችን ለመለየት ተደረገ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ድንበር ተሻግረው በእኛ አገር የሚዘምሩ ናቸው። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የማይክሮሶፍት የሬድመንድ ላቦራቶሪ ስፓሮው፣ ማለት ድንቢጥ፣ የሚል ስም የሰጠውን መሣሪያ አስታወቀ፤ በፀሐይ ኃይል እየሠራ፣ በራቀ ደን ውስጥ ሥዕልና ድምፅ እየሰበሰበ፣ እዚያው መርምሮ ውጤቱን በሳተላይት ይልካል፤ አሠራሩም ለማንም ክፍት ሆኖ ተሰጥቷል።

ኢትዮጵያ ከ800 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች አሏት፤ ከእነርሱም በያቤሎ አካባቢ ብቻ እንደሚኖረው የቁጥቋጦ ቁራ ያሉ፣ በሌላ ምድር የማይገኙ አሉባት። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለብዙ ዓመታት በመረመሯቸው በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያሉት ደኖች፣ በእርሻ ተከበው እንደ ደሴት ተለያይተው የቀሩ ስለ ሆኑ፣ በአንዱ ደብር ደን የሚዘምር ወፍ ከሌላው ደብር ወፍ ጋር ዜማው ተለያይቶ እንደ ሆነ ለመመርመር ከእነርሱ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። መቅረጫው ርካሽ ሆኗል፤ ማሽኑም ተዘጋጅቷል፤ የጎደለው ፖርቶ ሪኮ ላይ እንደ ታየው የሚሰይም ጆሮ ነው። በእነዚያ ደኖች መካከል ደግሞ የዜማ ቤቶች አሉ፤ በዚያም ርክርክን ከድፋት፣ የአንዱን ወገን አወራረድ ከሌላው ለመለየት ከልጅነታቸው ጀምሮ የሠለጠኑ ተማሪዎች ይገኛሉ። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የአዕዋፍ ተመራማሪዎቻቸውን ከነዚህ ተማሪዎች ጋር በአንድ ዛፍ ሥር ቢያስቀምጧቸው፣ የሚያገኙት መዝገብ ሬድመንድ ውስጥ በማንኛውም ገንዘብ የማይገዛ ይሆናል።